ስብ መልእክት ሲሆን፦ በደም ሥር ግድግዳና በነጭ የደም ሴል መካከል ያለው ወሬ

የደም ምርመራ ውጤት ወረቀት ስንቀበል አብዛኞቻችን ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው ሁለት መስመር ላይ ነው። አንዱ ኤልዲኤል ይላል፤ “መጥፎው ኮሌስትሮል”። ሌላው ኤችዲኤል ይላል፤ “ጥሩው”። መጥፎው ከፍ ብሎ ካየነው እንደነግጣለን፤ ጥሩው ከፍ ካለ ደግሞ ደስ ይለናል። ሐኪሞችም የመድኃኒት ኩባንያዎችም ለብዙ ዓመት የሚያስቡት እንደዚሁ ነበር። ጥሩው ከበዛ ልብ ይጠበቃል፤ እንግዲያውስ ጥሩውን የሚያበዛ ኪኒን እንሥራ አሉ።

ሠሩም። ቶርሴትራፒብ ይባላል። 15,000 ገደማ ሰዎች በተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ላይ ኤችዲኤልን በ72 በመቶ ከፍ አደረገው። በቁጥር ደረጃ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት ሰዎች መካከል የሞቱት ካልወሰዱት በለጡና ፋይዘር ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ2006 አቋረጠው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እርግጥ ይህ መድኃኒት የደም ግፊትም ይጨምር ነበር፤ ጥፋቱን ሁሉ በኤችዲኤል ላይ ማላከክ አይቻልም። ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2011 ኒያሲን በተባለው ቫይታሚን ኤችዲኤልን ከፍ ለማድረግ የተደረገው ጥናት ጥቅም አጥቶ ቆመ። በ2012 ደግሞ ዳልሴትራፒብ የተባለው ሌላ መድኃኒት፣ የደም ግፊቱ ችግር እንደ መጀመሪያው ሳይጸናበት፣ እሱም ኤችዲኤልን ከፍ አድርጎ ልብን ሳይጠቅም ቀረ።

ታዲያ ምንድን ነው የጎደለው?

እኔን የሚያሳምነኝ መልስ ኤችዲኤልን ከመቁጠር ይልቅ ምን ተሸክሟል ብሎ ከመጠየቅ የሚጀምረው ነው። ኤችዲኤል በደም ውስጥ የሚዞር ትንሽ የጭነት መኪና ነው ብላችሁ አስቡት። ኮሌስትሮል ብቻ አይደለም የሚጭነው። ከጭነቱ መካከል በመጠን ከቁጥር የማይገባ፣ በሥራው ግን የደም ሥርንም የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችንንም የሚያዝ አንድ የስብ ሞለኪውል አለ። ስሙ ስፊንጎሲን-1-ፎስፌት ነው። ረጅም ስለሆነ ተመራማሪዎቹ እንደሚያሳጥሩት ኤስዋንፒ እንበለው።

ይህን ነገር ከማንም በላይ ሲከታተል የኖረ አንድ ሳይንቲስት አለ፤ ቲሞቲ ህላ። አሁን በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታልና በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው የሚሠራው፤ ከዚያ በፊት በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በኒውዮርኩ ዌል ኮርኔል ነበር። ከ30 ዓመት በላይ አንድ ጥያቄ ላይ ነው የቆየው፤ ስብ እንዴት ይናገራል የሚለው ላይ።

“ስብ ይናገራል” ሲባል እንግዳ ይመስላል፤ ስብን የምናውቀው ወይ እንደ ነዳጅ ወይ የደም ሥር እንደሚደፍን ቆሻሻ ነዋ። ግን አስፕሪን ውጣችሁ የምታውቁ ከሆነ በስብ ንግግር ውስጥ ገብታችኋል። ሲያመን፣ ሲያተኩሰን፣ የተመታ ቦታ ሲያብጥ፣ ሴሎቻችን ከሽፋናቸው ላይ ስብ እየቆረጡ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ አጫጭር መልእክቶችን ይሠራሉ። አስፕሪን የሚያደርገው መልእክቱን የሚሠራውን ኢንዛይም ማገድ ነው። በዚህ ዙሪያ ለተሠራው ሥራ በ1982 ሦስት ሰዎች የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። በ1992 ደግሞ ህላና አንዲት የሥራ ባልደረባው ከነዚህ ኢንዛይሞች ሁለተኛውን፣ ኮክስ-2 የሚባለውን፣ ከሰው ሴል ላይ ወስደው የጂኑን ቅጂ አወጡ።

ከዚያ የመጣው ነገር በደንብ መታየት አለበት። ኮክስ-2ን ብቻ መርጠው የሚያግዱ የሕመም ማስታገሻዎች ወጡ፤ ጨጓራን አይጎዱም ተብሎ ዓለም ሁሉ ወሰዳቸው። ግን ያው ኢንዛይም በደም ሥር ግድግዳ ላይ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ደም በማይገባው ቦታ እንዳይረጋ የሚያደርግ ስብ ይሠራ ነበር። መገጣጠሚያ ላይ ሕመም የሚያመጣው መልእክት ሲዘጋ ልብ ላይ የሚጠብቀውም አብሮ ተዘጋ። ቫዮክስ የተባለው መድኃኒት የልብ ድካም (ሃርት አታክ) እና ስትሮክ እንደሚያበዛ ታይቶ በ2004 ከገበያ ወጣ። አንድ የስብ መልእክት እዚህ ጠላት፣ እዚያ ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ኤስዋንፒ። ታሪኩ የሚጀምረው ኤስዋንፒን ሲፈልጉ አይደለም። የደም ሥሮቻችን ሁሉ፣ ከትልቁ ደም ቅዳ እስከ ፀጉር የቀጠኑት ድረስ፣ ከውስጥ በአንድ ረድፍ ሴል የተለበጡ ናቸው። ኢንዶቴሊያል ሴሎች ይባላሉ። በደሙና በሥጋው መካከል ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው። በ1990 ህላና ቶማስ ማሲያግ የተባለው ተመራማሪ እነዚህ ሴሎች ቅርጻቸውን ቀይረው እንደ ቱቦ መደርደር ሲጀምሩ የትኛው ጂን እንደሚነቃ ሲያስሱ አንድ ጂን አገኙ። ኤድግ-1 አሉት። ቅርጹ ሲታይ ተቀባይ ነው፤ በሴሉ ቆዳ ላይ ተቀምጦ ከውጭ የሚመጣ መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን። ግን መልእክቱ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። በሩ አለ፣ ቁልፉ የለም።

ቁልፉ የተገኘው ከ8 ዓመት በኋላ ነው። በ1998 የህላ ቡድን ኤድግ-1 የሚቀበለው ኤስዋንፒን እንደሆነ አሳየ። ስሙም ተቀይሮ ዛሬ የኤስዋንፒ ተቀባይ 1 ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ አራት ወንድሞች ተገኝተውለት አምስት ሆነዋል።

የሚገርመው ይህ የስብ ቤተሰብ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታወቅ የኖረ መሆኑ ነው። ለንደን ይሠራ የነበረ ቱዲኩም የተባለ ትውልደ ጀርመን ሐኪም በ1884 ከአንጎል ውስጥ አወጣው። ምን እንደሚሠራ ግን ጨርሶ ሊገባው አልቻለም። እንቆቅልሽ ስለሆነበት በጥንቱ ተረት እንቆቅልሽ ትጠይቅ በነበረችው በስፊንክስ ስም ሰየመው። “ስፊንጎ” የሚለው ከዚያ የመጣ ነው።

በ2000 ሪቻርድ ፕሮያ የሚመራው ቡድን ከህላ ቡድን ጋር ሆኖ ይህ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች እንዲፈጠሩ አደረገ። አይጦቹ አልተወለዱም። ማህፀን ውስጥ ሳሉ ደም ፈሷቸው ሞቱ። ደም ሥሮቻቸው ተሠርተው ነበር፤ ግን ዙሪያቸውን ደግፎ የሚያጠነክራቸው የጡንቻ ሴል በደንብ አልተጠመጠመባቸውም። ቧንቧው ተዘርግቶ ማያያዣው ያልጠበቀ ዓይነት። ስለዚህ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ ይህ ስብ የደም ሥርን የሚያቆም ነው።

እስከዚህ ያለው የደም ሥር ታሪክ ነው። የበሽታ መከላከያው ታሪክ ከሌላ አቅጣጫ፣ ጃፓን ውስጥ፣ ከአንድ ፈንገስ ነው የመጣው።

በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለብዙ ዘመን ሲሠራባቸው የኖሩ፣ ነፍሳት ላይ የሚበቅሉ ፈንገሶች አሉ። ትሉ መሬት ውስጥ ሳለ ፈንገሱ ይገባበታል፤ ይገድለዋል፤ ከዚያ ከሬሳው ላይ እንደ ተክል ብቅ ይላል። የኪዮቶው ተመራማሪ ቴትሱሮ ፉጂታ “ይህ ፈንገስ የነፍሳቱን መከላከያ እንዴት አሸነፈ? የሚያዳክም ነገር ቢኖረው ነው” ብሎ አሰበ። ከአንዱ ፈንገስ ማይሪዮሲን የሚባል ንጥረ ነገር አወጣ። እውነትም የበሽታ መከላከያን ያዳክማል፤ ግን መርዛማ ነው። ቡድኑ ሞለኪውሉን እየቆረጠና እያቀለለ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤፍቲዋይ720 የሚባል አዲስ ውህድ ሠራ።

ኤፍቲዋይ720 ባህሪው ያልተለመደ ነበር። ሌሎቹ የበሽታ መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ነጭ የደም ሴሎችን ይገድላሉ ወይም እንዳይባዙ ያግዳሉ። ይህ ግን አይገድልም። አይጥ ሲሰጠው ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ ሴሎች ከደም ውስጥ ይጠፋሉ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳሉ። ታዲያ የት ሄደው ነበር?

መልሱ በ2002 መጣ፤ የመድኃኒት ኩባንያዎቹ የመርክና የኖቫርቲስ ተመራማሪዎች በየፊናቸው ደረሱበት። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የራሳችን ኢንዛይም ፎስፌት ይለጥፍበትና ኤስዋንፒን ይመስላል። ከዚያ በኤስዋንፒ ተቀባዮች ላይ ይቀመጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሠራው የጄሰን ሲስተር ቡድን ነጭ ሴሎች ከሊምፍ ዕጢ ለመውጣት ይህንኑ ተቀባይ 1 እንደሚያስፈልጋቸው አሳየ። ያው የህላ ኤድግ-1 ነው! የደም ሥርን የሚያቆመውና ነጭ ሴልን መንገድ የሚያሳየው አንድ ተቀባይ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ጠጋ ብለን እንየው፤ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። አንገት ሥር፣ ብብት ውስጥ፣ ብሽሽት ላይ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች፣ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው፣ ለነጭ ሴሎች የፍተሻ ጣቢያ ናቸው። አንድ ቲ-ሴል፣ ከሊምፎሳይቶቹ አንዱ ዓይነት፣ ከደም ወደዚያ ይገባል፤ እየተዘዋወረ የማያውቀው ተውሳክ መጥቶ እንደሆነ ይመረምራል። ምንም ካላገኘ ይወጣል፤ ሊምፍ በሚባለው ከሥጋ በሚሰበሰብ ፈሳሽ በኩል ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል፤ ሌላ ዕጢ ይሄዳል። ዕድሜውን በሙሉ እንዲህ ሲዞር ነው የሚኖረው። ግን ዕጢው ውስጥ በጨለማ መውጫውን በምን ያውቃል?

በኤስዋንፒ ሽታ ነው ማለት ይቻላል። ደም ውስጥ ኤስዋንፒ ብዙ ነው፤ ሊምፍ ውስጥም አለ። ዕጢው ውስጥ ግን እየፈጨ የሚያጠፋው ኢንዛይም ስላለ በጣም ትንሽ ነው። ልዩነቱ ራሱ ካርታ ሆነ። ቲ-ሴሉ ደም ውስጥ እያለ በኤስዋንፒ ስለሚጥለቀለቅ ተቀባዩን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል፤ አያሸትም። ዕጢው ውስጥ ገብቶ ሰዓታት ሲቆይ ተቀባዩ ቀስ ብሎ ወደ ቆዳው ይወጣል። አሁን ማሽተት ጀመረ። ወደሚበዛበት አቅጣጫ ይሄዳል፤ መውጫውን ያገኛል። ነገር ግን ተውሳክ ካገኘ ሲዲ69 የሚባል ፕሮቲን አውጥቶ ተቀባዩን ያፍነዋል፤ “ቆይ፣ ሥራ አለ” ማለት ነው። ለቀናት እዚያው ተቀምጦ ይባዛል፤ ከዚያ ነው ሠራዊት ሆኖ የሚወጣው። ሥርዓቱ አእምሮ የለውም፣ አዛዥ የለውም፤ የአንድ ስብ መብዛትና ማነስ ብቻ ነው የሚመራው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ገጹን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ኤፍቲዋይ720 ታዲያ ምን ያደርጋል? ተቀባዩ ላይ ይቀመጥና ሴሉ ተቀባዩን ወደ ውስጥ ስቦ እንዲያጠፋው ያደርጋል። ቲ-ሴሉ ማሽተት ያቆማል፤ በሕይወት እያለ፣ ጤነኛ እያለ፣ ዕጢው ውስጥ ይቀራል። መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው በሽታ ነጭ ሴሎች ወደ አንጎልና ወደ ሕብለ ሰረሰር ገብተው የነርቮችን ሽፋን ያጠቃሉ። ካልወጡ አይደርሱም። መድኃኒቱ መጀመሪያ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ተሞክሮ ከነበሩት መድኃኒቶች አልበለጠም፤ ለዚህ በሽታ ግን ሠራ። በአንድ የሁለት ዓመት ጥናት ላይ የበሽታው ማገርሸት ምንም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በ54 በመቶ ቀነሰ። በ2010 ፊንጎሊሞድ በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ እስከዚያ ድረስ የዚህ በሽታ ሕሙማን የሚወስዱት መርፌ ስለነበር በአፍ የሚወሰድ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። ከዚያ ሲፖኒሞድ፣ ኦዛኒሞድ፣ ፖኔሲሞድ ተከተሉ። ኦዛኒሞድ በ2021፣ ኤትራሲሞድ ደግሞ በ2023 ለአልሰረቲቭ ኮላይተስ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት ለሚያቆስለው ሕመም ተፈቅደዋል። የፈንገሱ ጥያቄ እዚህ ድረስ አደረሰ።

ግን ቫዮክስን አስታውሱ።

ፊንጎሊሞድ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያውን ኪኒን ሲወስድ ለ6 ሰዓት የልብ ምቱ እየታየ ይቆያል። ለምን? ተቀባዩ ልብ ውስጥም ስላለ ምቱ ሊቀንስ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ላይ የዓይን ሬቲና መሐል ፈሳሽ ይቋጠርና ዕይታ ይደበዝዛል። ምክንያቱን አሁን መገመት ትችላላችሁ፤ የደም ሥሩን ግድግዳ አጥብቆ የሚይዘው ያው ተቀባይ 1 ነው፤ መድኃኒቱ ነጭ ሴሉ ላይ ሲያጠፋው የደም ሥሩም ላይ ይነካዋል፤ ግድግዳው ያፈስሳል። የኢንፌክሽን አደጋም አለ፤ ነጭ ሴሎቹ ተቆልፈዋልና። አዲሶቹ መድኃኒቶች ተቀባይ መርጠው ይነካሉ፤ አብዛኞቹም በትንሽ መጠን ተጀምረው ቀስ በቀስ ስለሚጨመሩ ልብ ላይ ያለው ነገር ቀሏል። ተቀባይ 1ን ግን ሁሉም ይነካሉ፤ ካልነኩ አይሠሩም።

እዚህ ላይ ነው የህላ ቡድን ኋለኛ ሥራ፣ እኔ ከሁሉ የምወደው፣ የሚመጣው። ጥያቄው ቀላል ነው። ተቀባዩ እንዲነቃ የሚያስፈልገው የኤስዋንፒ መጠን በጣም ትንሽ ነው። ደማችን ውስጥ ያለው ግን ከዚያ በመቶ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እንዲህ ከሆነ ተቀባዩ ሌት ተቀን ሲጮህ መኖር ነበረበት፤ ወይም እንደ ፊንጎሊሞዱ ታክቶት ወደ ውስጥ ገብቶ መቅረት ነበረበት። ሁለቱም አይደለም። የደም ሥራችን ረጋ ብሎ ይሠራል። ለምን?

ኤስዋንፒ ደም ውስጥ ብቻውን አይዞርም፤ ስብ ነው፤ ውሃ ውስጥ ብቻውን መሆን አይችልም። ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ ገደማውን የሚሸከመው ኤችዲኤል ነው፤ በተለይ ኤችዲኤል ላይ የተቀመጠ አፖኤም የሚባል ትንሽ ፕሮቲን። ይህን ፕሮቲን በ1999 ስዊድን ውስጥ የዳልባክ ቡድን ነው ያገኘው፤ በ2011 ደግሞ ኤስዋንፒን የሚይዘው እሱ መሆኑ ታወቀ። የቀረውን አልቡሚን የሚባል ሌላ የደም ፕሮቲን ይይዛል።

ብዙ ሰው ተሸካሚው መኪና ብቻ ነው፣ ዋናው ጭነቱ ነው ብሎ ያስብ ነበር። በ2015 የህላ ቡድን ያወጣቸው ሁለት ጥናቶች ይህን ገለበጡት። ኢንዶቴሊያል ሴሎችን ወስደው ብግነት፣ ማለትም የሰውነትን የመቆጣት ምላሽ፣ የሚያስነሳ ነገር ሰጧቸው፤ ሴሎቹ ነጭ ሴል የሚጣበቅባቸውን ፕሮቲኖች ማውጣት ጀመሩ፤ የደም ሥር በሽታ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ኤስዋንፒን በኤችዲኤል ላይ ጭነው ሲሰጡ ብግነቱ በረደ። ያንኑ ኤስዋንፒ፣ ያንኑ ሞለኪውል፣ በአልቡሚን ላይ ጭነው ሲሰጡ ግን አልበረደም። በሁለተኛው ጥናት ደግሞ አፖኤም የሌላቸው አይጦች፣ ኤስዋንፒ በሌላ ተሸካሚ እያላቸው፣ ሊምፎሳይቶቻቸው ከልክ በላይ ሲባዙና የነርቭ ብግነት ሲጸናባቸው ታየ። ያው ቃል፣ ተናጋሪው ሲለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ።

ይህ ለእኔ የኤችዲኤሉን እንቆቅልሽ በከፊል ይፈታዋል። ቶርሴትራፒብ የመኪናውን ቁጥር አበዛ፤ ምን እንደጫኑ ግን ማንም አላየም። የሚሸከመው ነገር ከመብዛቱ ጋር አብሮ ካልበዛ፣ ባዶ መኪና መንገድ መሙላቱ የደም ሥሩን ምን ይጠቅመዋል? ይህ ብቸኛው ማብራሪያ ነው አልልም፤ ኤችዲኤል ሌላም ብዙ ሥራ አለው። ግን ቁጥሩ ላይ ብቻ ሙጥኝ ማለት ስህተት እንደነበር በጣም አምናለሁ።

ጫኙስ ማነው? ዋነኛው ቀይ የደም ሴል ነው። ኦክሲጅን ብቻ ይሸከማል ብለን የምናስበው ቀይ ሴል ኤስዋንፒን የሚያጠፋው ኢንዛይም የለውም፤ ስለዚህ ያከማቻል፤ ለኤችዲኤልም ያስረክባል። በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ደማቸው ውስጥ ኤስዋንፒ የሌላቸው አይጦች ተሠሩ። ሳይነኳቸው እንኳ ደም ሥሮቻቸው ያፈስሱ ነበር፤ እንደ ከባድ አለርጂ ያለ ነገር ሲመጣባቸው ደግሞ በፍጥነት ይሞታሉ። ተመራማሪዎቹ ከጤነኛ አይጥ ቀይ የደም ሴል ሰጧቸው። ግድግዳው ተጠገነ። ኤስዋንፒ ደሙ ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ስለሆነ ይህ ሥራ አንዴ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ሳያቋርጥ ይጫናል፣ ይራገፋል፣ ይፈጫል።

ቦታም ለውጥ ያመጣል። ደም ቀጥ ባለ ደም ቅዳ ውስጥ ለስልሶ ሲፈስ ተቀባዩ በሴሉ ቆዳ ላይ ተሰልፎ ይገኛል። ደም ቅዳው በሚጎብጥበትና በሚገነጠልበት ቦታ ግን ፍሰቱ ይዘበራረቃል፤ ተቀባዩም ወደ ውስጥ ይገባል። የስብ ክምችት የደም ሥርን የሚያጠቃው በብዛት እነዚያው ጉብጠትና መገንጠያዎች ላይ መሆኑን ስታስቡ ነገሩ አይገጥምላችሁም?

የህላ ቡድን ቀጥሎ የሠራው ከዚህ የሚከተል ነው። ተቀባዩን በኪኒን ከመደብደብ ይልቅ ተሸካሚውን ለምን አንሠራም አሉ። አፖኤምን ወስደው ከፀረ እንግዳ አካል ጅራት ጋር አጣበቁት፤ ይህ ደም ውስጥ ቶሎ እንዳይጠፋ ያደርገዋል። በ2017 ባወጡት ጥናት ይህ ሰው ሠራሽ ተሸካሚ የደም ግፊት በተነሳባቸው አይጦች ላይ ግፊቱን ቀነሰ፤ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ሲከፈት የሚደርሰውን ጉዳት አሳነሰ፤ ስትሮክ ላይም እንዲሁ። ነጭ ሴሎችን ግን ዕጢ ውስጥ አልቆለፈም። ፊንጎሊሞድ ሊለያቸው ያልቻለውን ሁለቱን ሥራዎች፣ የደም ሥርን መጠበቅና ነጭ ሴልን ማሠር፣ ተሸካሚው ለያቸው።

አይጥ ነው፤ ሰው አይደለም። ይህን ደጋግሜ ለራሴም እላለሁ፤ አይጥ ላይ ሠርቶ ሰው ላይ የከሸፈ መድኃኒት ስፍር ቁጥር የለውም። ደግሞ ይህን አንብባችሁ ኤልዲኤላችሁን ችላ እንዳትሉ አደራ፤ ኤልዲኤልን መቀነስ የልብ ድካምን (ሃርት አታክን) እንደሚቀንስ በብዙ ትልልቅ ጥናቶች ተረጋግጧል፤ ሐኪም ያዘዘላችሁን ስታቲን፣ ኤልዲኤል የሚቀንሰውን መድኃኒት፣ ቀጥሉ። ኤችዲኤልን ከፍ ያደርጋል ተብሎ የሚሸጥ ማንኛውም ብልቃጥ ግን አሁን ካየነው ነገር ጋር ተስፋ አይሰጠኝም።

“ታዲያ ኤስዋንፒዬን ልለካ” የሚል ሰው ይኖራል። ለምን በየክሊኒኩ እንደማይለካ ስታውቁ ነገሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይገባችኋል። ደም ተቀድቶ በብልቃጡ ውስጥ እንዲረጋ ከተተወ፣ ሲረጋ ፕሌትሌቶች፣ ደም የሚያረጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ ያከማቹትን ኤስዋንፒ ይለቃሉ፤ ቁጥሩ ይጨምራል። እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተቀዳ ደግሞ ያነሰ ይወጣል። ቀይ ሴሎቹ በአያያዝ ከተሰባበሩ ሌላ ቁጥር። ያው ሰው፣ ያው ክንድ፣ ያው ደቂቃ፣ ግን የብልቃጡን ዓይነት በሚለየው በክዳኑ ቀለም ብቻ የተለየ ውጤት። ቁጥሩ ከወጣም በኋላ ስንቱ በአፖኤም ላይ፣ ስንቱ በአልቡሚን ላይ እንደተጫነ አይናገርም፤ ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ግን ያንን ነው።